የእናቴ ፊት በዛፍ አምባ

ቤሩት፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ ኢያቄም
ዛፍ አምባ ማርያም፣ ላስታ

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። የዛፍ አምባዋ እመቤት እርስዎንም፣ መጻሕፍትዎንም፣ አገሩንም ትጠብቅ። እኔ በምበላውና በምተኛበት ደህና ነኝ፤ ሌላውን አይጠይቁኝ።

ይህ ደብዳቤ በምን መንገድ እንደመጣ ልንገርዎ፤ እርስዎም በዚያው መንገድ እንዲመልሱልኝ። እናንተ ጋ ስልኩ እንደተዘጋ ነው። ወልድያ ግን ኔትወርክ ተለቀቀ ሲሉ ስለሰማሁ፣ በእጄ ጽፌ በስልክ ፎቶ አንስቼ ለጣሃ ላኩለት። ጣሃ ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። አትሞ ለሾፌሩ ለሰውአገኝ ይሰጠዋል። ሰውአገኝ መንገድ ሲከፈት ላሊበላ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ቅዳሜ ገበያ የወረደ የዛፍ አምባ ሰው ይዞልዎ ይወጣል። የእርስዎንም ጣሃ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ደግ ሰው ነው፤ ለቤተሰብ ከሆነ ዋጋ አልጠይቅም ብሎኛል።

አጎቴ፣ እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። መርዶውን ያረዱኝ የሐርቡዋ ጓደኛዬ ኡሙሀኒና ሁለት የአገራችን ልጆች ናቸው። እሑድ ጠዋት መጥተው የአሠሪዬ ቤት በር ላይ ቆሙ። ነጠላ ለብሰው ሳያቸው ገባኝ። ኩሽና ገብቼ አፌን በፎጣ ይዤ አለቀስኩ፤ እመቤቲቱ የዚያን ዕለት እንግዳ ነበረባት።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። ከአገር ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ሰሃን ሳጥብ አስባታለሁ። ነጠላዋ ይመጣል፣ እጇ ይመጣል፣ «አይዞሽ» የምትለው ድምጿ ይመጣል፤ ፊቷ ጋ ስደርስ ባዶ ነው። እርስዎ ብዙ ያነበቡ ሰው ነዎት፤ የእናቷን ፊት የረሳች ልጅ ምን ትባላለች?

ፎቶ ሊያነሷት ሲመጡ በነጠላዋ እንደምትሸፈን ያውቃሉ። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ግን አንድ ፎቶ አለ። ሳጥኗ ውስጥ ፈልገው በሰውአገኝ እጅ ለጣሃ ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ልጅዎ ሰርካለም


ዛፍ አምባ፣ ነሐሴ ፲፯ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም

ሠለስቱ ደቂቅን በእሳት መካከል ያቆመ አምላክ በሰው አገር ያለሽውን ልጄን ያቁምሽ። እኔ ፍልሰታን በደህና ፈታሁ። ጉልበቴ ዳገት አይወድም፣ ዓይኔ ደቃቅ ጽሕፈት አይወድም፣ ሌላው እንደ ፈቃዱ ነው። ደብዳቤሽን ያመጣው ሰው ከአሸተን ተራራ በታች ዝናብ ይዞት ኖሮ፣ ወረቀቱን እንደ ልብስ አስጥቼ ነው ያነበብሁት።

እናቷን የረሳች ልጅ ምን ትባላለች ላልሽው፣ በመጽሐፍ አላገኘሁትም። ደክሟት ነው ይባላል እንጂ ሌላ ስም የለውም።

መታወቂያዋን አገኘሁት። ሳጥኗ አምና ክረምት ውኃ ገብቶበት ነበር። ስሟ ይነበባል፣ ማኅተሙም ይታያል፣ ፎቶው ግን ነጭ ሆኗል። ጥፍር የሚያህል ነጭ ወረቀት ልልክልሽ አልፈለግሁም።

ፊቷ ግን አለ። የት እንዳለ ስነግርሽ ወይ ትስቂብኛለሽ ወይ ትቆጪኛለሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የዕቃ ቤቱን መጻሕፍት እጠብቃለሁ፤ ማኅደራቸውን እሰፋለሁ፣ በጥቅምት ፀሐይ አወጣቸዋለሁ፣ ከአይጥና ከጎብኚ እከላከላለሁ። ሥዕል ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ ለራሴ ደስታ የምሞካክረው ነው። ድሮ ፈረንጁ ሲመጣ «አባ አርቲስት» ይለኝ ነበር፤ አሁን የሚለኝም የለም።

በትልቁ ተአምረ ማርያም ላይ ያለችውን፣ ልጇን የታቀፈችውን፣ ልጅ ሆነሽ ተሳልመሻታል። ከአያቶቻችን ጀምሮ ሴቱ ሁሉ ፊቷን እየሳመ ፊቱ አልቆ ነበር። ልብሷ አለ፣ እጇ አለ፣ ፊቷ ላይ ጥቂት ርዝራዥና ባዶ ብራና ብቻ ነበር። ባየሁት ቁጥር ያመኝ ነበር። እናትሽ በሞተች በአርባዋ ማግስት፣ መቃብር ላይ ተቀምጦ ከመዋል ይሻላል ብዬ ቀለም በጠበጥሁ። ያንን ፊት ልመልሰው ነበር ሐሳቤ፤ እንደ ሥርዓቱ ልሠራው ነበር። እጄ የሚያውቀው ፊት ግን አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጨርሼ ቀና ስል እኅቴ ታየኛለች።

ልፋቀው ወይስ ልተወው ስል የማርያም ቀን፣ ሃያ አንድ፣ ደረሰ፤ መጽሐፉም ለመሳለሚያ ወጣ። እማሆይ አመተ ሥላሴ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ ሥዕሉን አዩና በእናትሽ ስም «የትናየት» አሉ።  ሴቶቹ ተጠጉ፣ አዩ፣ ለቅሶ ሆነ። እናትሽ ስንቷን እንዳዋለደች ታውቂያለሽ፤ እስከ ኮን ድረስ በበቅሎ ይወስዷት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሃያ አንድ ይመጣሉ፣ ስመው ያለቅሳሉ። ጥቂት ነገርም ተነሥቷል። እሱን ለእኔ ተይው።

ንቅሳቷን ግን አልሣልሁትም። ያን ያህል አላበድሁም።

እንግዲህ ፊቷ የት እንዳለ አወቅሽ፤ ስትመጪ ታይዋለሽ። የሚመቸኝ መነጽር አጥቻለሁ፤ ወደዚህ የሚመጣ መንገደኛ ካገኘሽ አንድ ላኪልኝ።

አጎትሽ ኢያቄም


ቤሩት፣ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ዘመን አሸጋገረዎ። አዲሱ ዓመት ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለአገሩ መንገድ ይክፈትልን።

አልሳቅኩም፣ አልተቆጣሁምም። ደብዳቤውን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ይህ ቤት ውስጥ በር ዘግቼ የምቀመጥበት እሱ ብቻ ነው። ለኡሙሀኒ በስልክ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ወላሂ ሰርካለም፣ እናትሽ ትልቅ ሰው ነበረች» አለችኝ። እኔም ትልቅ ሰው እንደነበረች ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ለእኔማ በየጊዜው ሰው እየጠራት ጥላኝ የምትሄድ እናት ነበረች።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ደሳለ አለ አይደል፣ ቱሪስት ይመራ የነበረው፤ ጥሩ ስልክ አለው። አንድ ጊዜ ወደ ዕቃ ቤቱ ጠርተው መጽሐፉን ገልጠው ያሳዩት። ፎቶውን ይዞ ወልድያ ሲወርድ በጣሃ በኩል ይልክልኛል። የደቂቃ ሥራ ነው። «ስትመጪ ታይዋለሽ» ማለት ለእርስዎ ቀላል ነው፤ እኔ መቼ እንደምመጣ አላውቅም።

መነጽሩን ገዝቼ ወደ አገር ለምትገባ የመርሳ ልጅ ሰጥቻታለሁ። ሦስት ዓይነት ነው፤ የሚሆንዎን መርጠው የቀረውን ለእማሆይ አመተ ሥላሴ ይስጡልኝ።

እዚህ ደህና ነው። ከሰሞኑ ሰማዩ ይጮሃል፤ እመቤቴ ነጎድጓድ ነው ትለኛለች።

ልጅዎ ሰርካለም


ዛፍ አምባ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ አይራቅ። ስለ ዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ መንገዱም ተዘግቶ ነበር፣ እኔም የምጽፈው አጥቼ ነበር። መነጽሩ ደርሶኛል። እማሆይ የራሳቸውን አድርገው «ይህ ሁሉ አቧራ ቤቴ ነበረ?» ብለው ተቆጡ።

ነገሩን ለእኔ ተይው ብዬሽ ነበር፤ አሁን ለእኔም ከበደኝ። ከመስቀል በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ጠራኝ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ቢሆነኝ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። «መሪጌታ፣ ሕዝቡ እመቤታችንን ትቶ ለእኅትዎ እያለቀሰ ነው። ይህን ዝም ብዬ ባይ በምን አፌ ቀድሼ አቆርባለሁ?» አሉኝ። 

ውሳኔው ይህ ነው። ፊቱ ከኅዳር ጽዮን በፊት በሣለው እጅ ይፋቅ። እስከዚያ መጽሐፉ ከማኅደሩ አይውጣ። ሥዕሉን የቀዳ፣ ፎቶ ያነሣ፣ ለሌላ ያሳየ ውጉዝ ይሁን። እምቢ ካልሁ ቁልፉን አስረክባለሁ። ከዚያም ከመጻሕፍቱ ጋር ያለኝ ነገር ያበቃል።

እኔም እንዲህ አልኋቸው። የዚህ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ የጻፉት አባት በቀይ ቀለም «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» ብለዋል። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ነው። እናንተ የምታወግዙኝ ባልፍቅ ነው፤ መጽሐፉ የሚያወግዘኝ ብፍቅ ነው። የት ልግባ? አለቃ ቢሆነኝ አሰቡና «የተወገዘው የጥንቱን የፋቀ ነው፤ የእርስዎ አምና የተቀባ ነው» አሉ። የእኔ ቀለም ከጥንቱ ርዝራዥ ላይ ተጣብቋል፣ የእኔን ሳነሣ የጥንቱም አብሮ ይነሣል፣ አልኋቸው። «ይህን ሳይቀቡ በፊት ነበር ማሰብ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ አርባ ዓመት መጽሐፍ ጠብቄ ጅል አማተር የሚሠራውን ሠራሁ።

ደሳለ ልመናሽን ሰምቶ ስልኩን ይዞ መጥቶ ነበር። ከደጅ መለስሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ካሜራ ያንጠለጠለውን ሁሉ «ያለ ፈቃድ አይቻልም» እያልሁ መልሻለሁ፤ ለሰው የከለከልሁትን ለራሴ እኅት ስል ልፍቀድ? አልችልም ልጄ። አልችልም ስልሽ እየቀለለኝ አይምሰልሽ።

ያ ነጎድጓድ ምንድን ነው? በመስከረም ባሕር ማዶም ይዘንባል?

አጎትሽ ኢያቄም


ቤሩት፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ ኢያቄም

ደብዳቤዎን ከምድር በታች ሆኜ አነበብኩት። እንዳይጨነቁ ብዬ ያልነገርኩዎት ነገር ነበር፤ እርስዎ የራስዎን ስለነገሩኝ እኔም የራሴን ልንገርዎ። ነጎድጓድ አልነበረም። ከመስቀል በፊት ጀምሮ ከተማው ይደበደባል። እመቤቴ ልጆቿንና ድመቷን ይዛ ሄደች። እኔን ቤቱን ጠብቂ አለችኝና ከውጭ ቆለፈችብኝ። ኡሙሀኒ የሕንፃውን ዘበኛ ለምና አስከፈተችኝ። አሁን ከሌሎች የአገራችን ሴቶች ጋር የአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነን። ፓስፖርቴ ከእመቤቲቱ ጋር ነው፤ እሷ የት እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ሳምንት አጠገባችን ያለው ሕንፃ ሲወድቅ ሴቶቹ ሁሉ «እማዬ» ብለው ጮኹ። እኔም ጮህኩ። ማንን እንደጠራሁ ግን አልታየኝም። ፊት የሌላት እናት ነው የጠራሁት።

እርስዎ ስለ ሁለት ውግዘት ይጽፉልኛል። አጎቴ፣ ደብዳቤዎ የሚደርሰኝ በፎቶ ነው። ጣሃ ወረቀቱን ይዞ ሲያነሣው የአውራ ጣቱ ጥፍር ጥግ ላይ ይታያል። የጣሃ ጣት ባሕር ተሻግሮ ይደርሰኛል፤ የእናቴ ፊት አይደርሰኝም። ይህ ሥርዓት ነው ካሉኝ እሺ፣ ሥርዓት ነው። እኔ ግን አልገባኝም።

ውግዘቱን በእኔ ላይ ያድርጉት። አዘዘችኝ ይበሉ። እዚህ ያለሁበትን ቢያዩ አንድ ውግዘት ምን ይጨምርብኛል? ዛሬም ነገም ልሞት እችላለሁ፤ ሳልሞት አንድ ጊዜ ልያት። ከዚያ ይፋቁት።

የምርቃቱን ቃል ዛሬ ይቅር ይበሉኝ። ከአፌ አልወጣም።

ሰርካለም


ዛፍ አምባ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለእኅቴ ልጅ፣ ለሰርካለም

ከላይ የሚወርደውን በእጁ የሚመልስ እርሱ በራስሽ ላይ ይቁም። ሌላ ምርቃት አላውቅም፤ የማውቀው ሁሉ ይህች አንዲት ቃል ሆኖብኛል።

ደብዳቤሽን እንዳነበብሁ ለእማሆይ አመተ ሥላሴ ነገርኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊታቸውን ባንቺ ስም ይደግማሉ። እኔ ደግሞ ስለ ብራና ስጨቃጨቅ የከረምሁት አሳፈረኝ። ቢሆንም ከገባሁበት አልወጣሁም። ፎቶ ብልክልሽ በነገታው መላው ላስታ ያውቃል፤ መጻሕፍቱ ተቀምተው ለማያውቃቸው ሰው ይሰጣሉ፤ የዘንድሮው ክረምት ሳያልፍ ይሻግታሉ። ስንት መቶ ዓመት የሰነበተ ነገር በእኔ እጅ አይለቅ ብዬ ነው። ልጄን ግን ለመጻሕፍት ስል አስጨነቅሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ይዤ ነው የማድረው።

ግዝቱን ደጋግሜ አነበብሁት። የቀዳ ይላል፣ ፎቶ ያነሣ ይላል፣ ያሳየ ይላል። የተናገረ አይልም። አባቶቼ ካስተማሩኝ ሁሉ ዛሬ የጠቀመኝ ይህ ነው። ስለዚህ እናትሽን ልነግርሽ ነው፤ አንቺ ደግሞ ባገኘሽው ግድግዳ ላይ፣ ባገኘሽው ነገር ሣዪያት። ሥዕል አላውቅም አትበይኝ፤ እኔም አላውቅም።

መጀመሪያ እንቁላል ሥሪ፤ ሰፊው ጎን ከላይ ይሁን። ግንባሯ ጠባብ ነው፤ ከቅንድቧ እስከ ጠጉሯ ሁለት ጣትሽን ብታጋድሚ ይሞላል። ቅንድቦቿ አይገናኙም፤ በመካከላቸው አንዲት የቁጣ መስመር አለች፣ ስትስቅም አትጠፋም። ዓይኖቿን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትልልቅ አታድርጊያቸው፤ የእናትሽ ትንንሽ ናቸው። የግራ ዓይኗ ቆብ ትንሽ ወረድ ይላል። እንቅልፍ የመጣባት ይመስላል፤ አንቺ ታናሽ ሳለሽ «ተኛሽ ወይ?» እያልሽ በጣትሽ ትገልጪው ነበር። አፍንጫዋ ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰፋ ይላል፣ ይህ የአባታችን ነው፣ የእኔን ያየ ያውቀዋል። ከቀኝ ጉንጯ በታች የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች፤ በልጅነቷ የፈላ ወተት ተረጭቶባት የቀረች ናት። ጉንጮቿ በመጨረሻው ዓመት ጎድጎድ ብለው ነበር፤ እኔ ግን ሞልቼ ነው የሣልኋቸው፣ አንቺም ሙያቸው። ንቅሳቷን ከፈለግሽ ጨምሪበት፤ ያንቺ ግድግዳ አለቃ የለበትም።

ነገ እፍቀዋለሁ። ዛሬ ቀኑን በሙሉ ሥዕሉን ያየሁት ይህን ልጽፍልሽ ብዬ ነው።

አጎትሽ ኢያቄም


ቤሩት፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጉልበትዎን እስማለሁ፤ ባለፈው ሳልስም ስለቀረሁ ሁለት ጊዜ እስማለሁ። የእማሆይ አመተ ሥላሴ ዳዊት ደርሶልኛል። ድብደባው ቆመ ብለዋል፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሰማዩ ዝም ብሏል። እመቤቲቱ ግን አልተመለሰችም፤ ፓስፖርቴም አልተገኘም። ወደ አገር እንላካለን ብለው ስማችንን የመዘገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ወረቀት የሌላት ትቆይ አሉ። ኡሙሀኒ ወረቀት እያላት ካላንቺ አልሄድም ብላ ቀረች። ብቆጣት «ዝም በይ፣ እኔ መርዶ ያረዳኋትን ጥዬ የምሄድ ነኝ?» አለችኝ።

እናቴን ሣልኳት። ኡሙሀኒ ከምድጃው ከሰል አወጣችልኝ፤ ከፍራሼ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ሠራኋት። እንቁላሉ ድንች ሆነብኝ። ዓይኖቿን ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ሴቶቹ ዙሪያዬን ከበው አንዷ «ቅንድቡን አቅጥኚው» ትላለች፣ ሌላዋ «አፍንጫው ጠመመ» ትላለች፤ እናቴን አንዳቸውም አያውቋትም፣ ሁሉም ያርማሉ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ አልሳቅንም።

ጠባሳዋ ጋ ስደርስ ከሰሉ ከእጄ ወደቀ። ረስቻት ነበር አጎቴ። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየነካሁ «ያምሻል?» እላት ነበር። «ወተት አያምም» ትለኝ ነበር። ያቺን ነጥብ ግድግዳው ላይ ባደረግኩ ጊዜ ዓይኗ መጣ፣ ግንባሯ መጣ፣ ያቺ የቁጣ መስመር መጣች። የሣልኩት እሷን አይመስልም፤ ግን እሱን እያየሁ እሷን አያለሁ። ተደፍቼ አለቀስኩ። ያኔ በፎጣ የያዝኩትን ለቅሶ ነው ያለቀስኩት፤ ሴቶቹም አብረውኝ አለቀሱ።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። ደብዳቤዎን ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ ፈለግኩት። አፏን አልጻፉልኝም። ከአፍንጫዋ በታች ባዶ ነው። ኡሙሀኒ «አፍ የሌላት እናት ምን ትመክርሻለች? ጻፍላት በይው ሰውዬውን» አለችኝ። በራሴ ልሣለው ብዬ ከሰሉን አነሣሁና ፈራሁ፤ ከተሳሳትኩ የመጣውም እንዳይሄድብኝ።

ፍቀውት ከሆነ ይቅርታ አይጠይቁኝ። አፏ እንዴት እንደነበር ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሰርካለም


ዛፍ አምባ፣ ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም

የታሰረ የሚፈታው፣ የተዘጋ የሚከፈተው በእርሱ ነው፤ በርሽን ይክፈትልሽ። ለኡሙሀኒ ወንድም እንዳላት ንገሪያት፤ ዛፍ አምባ ያለ መሪጌታ ወንድም።

ሆን ብዬ ነው የተውሁት። አፏን ልጽፍልሽ ብዕሬን አነሣሁ፣ ቃል አጣሁለት። የእመቤታችን ከንፈር በሥርዓቱ ተዘግቶ ነው የሚሣለው። የእኔ ግን ትንሽ ከፈት ብሎ ነበር የወጣው። ምጥ የያዛትን ሴት እጇን ጨብጣ «አይዞሽ» ልትል ስትል አፏ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ቃሉ ሳይወጣ በፊት ያለው ነው። እነዚያ ሴቶች ያወቋት በዓይኗ ወይም በጠባሳዋ አልነበረም። በዚያ ነው ያወቋት።

ኅዳር ሃያ ጠዋት አለቃ ቢሆነኝና ሁለት ቀሳውስት ከዕቃ ቤቱ ደጅ ተቀመጡ። እኔ ውስጥ ገብቼ ካራዬን ሞረድሁ፤ የላክሽልኝን መነጽር አደረግሁ። ለዚህ ብለሽ አልነበረም የላክሽው። ግንባሯን ፋቅሁ፣ ቅንድቧን ፋቅሁ፣ ወረድ ያለውን ዓይኗን፣ ጠባሳዋን። የፈራሁትም አልቀረም፤ የጥንቱ ርዝራዥ አብሮ ተነሣ። አፏ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። እጄ ማለት ይቀለኛል ልጄ፤ እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ።

መጽሐፉን እንደተገለጠ ይዤ ወጣሁ። አለቃ ቢሆነኝ ጎንበስ ብለው አዩት። ፊቱ ነጭ ብራና ነው፤ ከታች አንድ ከፈት ያለ አፍ ብቻ አለ።  የመጨረሻ ልጃቸው በእግሩ የመጣ ጊዜ ሚስታቸውን ከሞት የመለሰቻት እናትሽ ናት፤ እሳቸው ያን ዕለት ከደጅ ቆመው ድምጿን ይሰሙ ነበር። መጽሐፉን ዘጉና ለቀሳውስቱ «ፊቱ ተፍቋል» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። ሊባርኩኝ መስሎኝ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። የፈለጉት ቁልፉን ነበር።

አሁን ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው ሌላ ነው። መልካም ሰው ነው፤ መጻሕፍቱን ግን ከግድግዳው አስጠግቶ ይደረድራቸዋል፣ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው የሚመጣው። ብነግረው «እሺ መሪጌታ» ይለኛል፣ አያርቃቸውም። በቀን በቀን ከደጁ ላይ እቀመጣለሁ። አንዱ ውግዘት ስለ ፋቅሁ ይይዘኛል፣ ሌላው ሳልፍቅ ስለተውሁ ይይዘኛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ስንት ዓመት የተማርሁት አልነገረኝም።

መጽሐፉ በየወሩ ሃያ አንድ ይወጣል። ትናንትም ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ ተሰልፈው እዚያች ከንፈር ላይ ይስማሉ። «የትናየት» የሚል የለም፣ የሚያለቅስም የለም፤ ለአንድ አፍ ማን ያለቅሳል? ግን ስመው ቶሎ ቀና አይሉም። እኔ ከሰው መካከል ቆሜ አያቸዋለሁ። በሳሙት ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል፤ የጥንቱም ፊት እንዲህ ነው ያለቀው። ትናንት ቀዩ በአንድ ጥግ ነጥቷል። ልከልክላቸው አልችልም፤ ቁልፍ የለኝም፣ ቢኖረኝም አልከለክላቸውም ነበር።

አፏን በግድግዳሽ ላይ አትሣዪው። ባዶውን ተይው። መጥተሽ ራስሽ ሳሚው እንጂ እኔ በቃል አልሰጥሽም። ፓስፖርት ካገኘሽ በፓስፖርት ነይ፣ ካላገኘሽም እንደሚሆን ሆነሽ ነይ። ብቻ ሳያልቅ ድረሽ።

አጎትሽ ኢያቄም
ከዕቃ ቤቱ ደጅ